ስኳሩ በኩንታል፣ ውሃው በጥርስ

ናዝሬት ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው ተማሪው የት እንደተወለደ ለማወቅ ፋይል ማገላበጥ አያስፈልገውም፤ ልጁን አንድ ጊዜ ማሳቅ ይበቃዋል። ጥርሱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካለ፣ ወይም ጭራሽ ጠቁሮ ጫፍ ጫፉ ከተሸራረፈ፣ እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተወልዶ እዚሁ የወተት ጥርሱን የለወጠ ነው። ነጭ ከሆነ አባቱ ከደጋ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ልጁም ሲመጣ ሰባት ስምንት ዓመቱን ጨርሷል ማለት ነው። ይህን እየገመትኩ ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ ጠንቋይ ያደርጉኝ ነበር።

ጥንቆላ የለበትም። የጥርስ ልባስ የሚሠራው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ልጁ የሚጠጣው ውሃ ፍሎራይድ ከበዛበት ልባሱ በደንብ ሳይጠነክር ያድጋል፤ ከወጣ በኋላ ቀለም እየመጠጠ ይጠቁራል። ካደገ በኋላ የመጣ ሰው ያንኑ ውሃ ዕድሜ ልኩን ቢጠጣ ጥርሱ ምንም አይሆንም። የሚነካው አጥንቱ ነው፤ አጥንት ደግሞ ቶሎ አያሳብቅም።

የእኔም ጥርስ የናዝሬት ነው። የጠጣሁት ከግቢያችን ጉድጓድ ስለሆነ የምከሰው የለኝም፤ ምድሩ እንዲህ ነው። በወጣትነቴ የተነሳኋቸው ፎቶዎች ላይ ሁሉ አፌን ገጥሜ ነው የቆምኩት። የሠርጌ ፎቶ ሳይቀር።

አገር ሲበለጽግ ሕዝቡ ጤና ያገኛል ይባላል። አልክድም፤ የሀብታም አገር ልጅ ከድሃ አገር ልጅ የበለጠ ዕድሜ እንዳለው ማንም ያውቃል። ግን ሀብቱ በየት በኩል አድርጎ ሰው አካል ውስጥ ይገባል? በማን እጅ፣ በየትኛው ቧንቧ? ይህን ለመጠየቅ ከናዝሬት በጋሪ ከሚደረስባት ከወንጂ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የፈረንጅ ሲሆን እናገራለሁ።

ወንጂ ስኳር ሳትሆን በፊት አዋሽ የሚተኛባት ሜዳ ነበረች። ክረምት ወንዙ ይሞላና ይዘረጋል፤ በጋ ሲሸሽ ለምለም ሣር ትቶ ይሄዳል። የጅሌ ኦሮሞዎች ከብታቸውን ያሰማሩባት ነበር። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ያን ጊዜ አዲስ መሬት ይፈልግ የነበረ ኩባንያ ነው፤ በደች ኢንዶኔዥያ ዘመን በሸንኮራና በሌላም እርሻ የከበረ፣ ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ግን የቆመበት መሬት የከዳው። በ1943 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ በመጋቢት 1946 ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። በቀን 1,400 ኩንታል ስኳር እንዲያመርት የተሠራ ነበር። የሸዋው ፋብሪካ በ1955 እዚያው ጎን ተተከለ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ መተሐራም ተከተለች።

ዛሬ ላይ ሆኖ ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር መገመት ይከብዳል። ስኳር ከውጭ በውድ የሚመጣ ነበር፤ ባላገር ቡናውን በጨው ነበር የሚጠጣው። በጥቂት ዓመት ውስጥ አገሪቱ የራሷን ስኳር መብላት ጀመረች። መንግሥትም ከእያንዳንዱ ኩንታል ቀረጥ ያገኛል። ቀረጥ ለመሰብሰብ ደግሞ እንደ ስኳር የሚመች ነገር የለም፤ ከአንድ በር ይወጣል፣ በከረጢት ይቆጠራል፣ ሁሉም ይገዛዋል። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ዘመናዊ ኢንዱስትሪ አላት ሲባል የሚጠቀሰው ወንጂ ነበር። ኮንትራት ፈላጊው ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ እየተጓዘ ይመጣል። የወንጂ ሠራተኞች ማኅበርም ከአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበራት ቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ሲነሣ እንደ ብዙዎቹ በመረዳጃ ስም ነው፤ ያኔ ማኅበር ማለት አይቻልም፣ እድር ማለት ግን ይቻላል።

እኛ ናዝሬቶች ወንጂን የምናውቃት በጭሱ ነው። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲነድ እርሻው ይቃጠላል። ነፋሱ ወደኛ ከሆነ ጥቁር የቅጠል ዐመድ ይበርና የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፋል፤ እናቴ አንሶላዋን እንደገና ስታጥብ ትሳደባለች። ማንን እንደምትሳደብ አላውቅም። ሰማይን ይመስለኛል።

ያን ጊዜ አገሪቱ በጤና በኩል የት ነበረች? የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የቆመው በ1940 ነው። ሐኪም ማለት በአብዛኛው የውጭ ዜጋ ነበር። በ1945 አካባቢ ደምቢያ ላይ ወባ ገብቶ 7 ሺህ ያህል ሰው ጨረሰ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ በ1947 የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ሐሳቡ ለድሃ አገር የሚሆን ነበር፤ ሐኪም እስኪበቃ አንጠብቅም፣ ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን አብረን አሠልጥነን ወደ ገጠር እንላክ የሚል። ሳኒታሪያን መጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ምንጭ ያጎለብታል። በአገራችን የጤና ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ብልህ ውሳኔ አለ ብዬ አላምንም፤ ደርግ ጤና መኮንን ማሠልጠኑን አቋርጦ ኮሌጁን የሐኪሞች ማድረጉ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሐኪም አያስፈልግም ማለቴ አይደለም።

ከዚያ የ1950 ክረምት መጣ። ዝናቡ ከልክ አለፈ፤ ሙቀቱም እንደዚያው፤ ወባ ወደማያውቃት ወይና ደጋ ወጣች። 3 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150 ሺህ ሰው እንደሞተ ተገምቷል። የሞተው በብዛት ገበሬ ነው፤ የታመመውም በአጨዳ ወቅት ነው የተኛው። ወባ የምትገድለው አንዴ፣ የምታደኸየው ግን ደጋግማ ነው። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ከማሠልጠኛዎቹም አንዱ እኛው ናዝሬት ነበር። የወባ ሠራተኞች ፓምፕ በጀርባቸው አዝለው፣ ካኪ ለብሰው ሲመጡ እቃ ሁሉ ከቤት ይወጣል። ግድግዳው ዲዲቲ ተነፍቶበት ነጭ ይሆናል። ሲጨርሱ በሩ ላይ ቁጥር ይጽፋሉ። ትኋኑም አብሮ ስለሚያልቅ እናቶች ይመርቋቸው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ። በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያ አልበለጸገችም፤ ገበሬው ያው ገበሬ ነው። ወባ ግን በብዙ ቦታ ቀነሰች። ዲዲቲው፣ መኪናው፣ ገንዘቡ በአብዛኛው ከአሜሪካና ከዓለም ጤና ድርጅት የመጣ ነው። ሳሙኤል ፕሬስተን የተባለ የሕዝብ ጥናት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህንኑ በዓለም ደረጃ አስልቶታል፤ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ከተገኘው የዕድሜ ጭማሪ ከ75 እስከ 90 በመቶ ያህሉ ከአገሮቹ ገቢ ማደግ የመጣ አይደለም ይላል። ከክትባት፣ ከመድኃኒት፣ ከዲዲቲ፣ ከንጹሕ ውሃ እውቀት ነው። ይህ ለድሃ አገር የምሥራች ነው፤ ሀብታም እስክትሆኑ መሞት የለባችሁም ማለት ነውና። ወንጂ ግን የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሌላ ጥያቄ ይዛ ቆማለች፦ ሀብቱ መጥቶ ጤናው ቢቀርስ?

ውሃውን እንመልከት። አዋሽ ድፍርስ ነው፤ ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል። በዘመኑ የጤና እውቀት ሁሉ የወንዝ ውሃ ተቅማጥ ነው፤ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ንጹሕ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ለሚኖሩበት ሰፈር ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ ማውጣት እንደ ትልቅ በጎ ሥራ የሚቆጠር ነው። የወጣውም ውሃ ጥርት ያለ፣ ተሐዋሲ የሌለበት፣ ለአፍም ደስ የሚል ነበር።

ነገር ግን ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ውሃው ከመሬት ሥር በዐመድና በባልጩት ድንጋይ መካከል ለረጅም ዘመን ሲዘዋወር ፍሎራይዱን እያሟሟ ይሸከማል። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ቢሆን ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀምጠው ነበር። የእኛ ውሃ ሶዳው የበዛ፣ ካልሲየሙ ያነሰ ስለሆነ ፍሎራይዱን የሚይዘው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል። ከወንጂ ጉድጓዶች ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተለካባቸው አሉ። አይሸትም፣ አይመርም፣ ቢፈላ እንኳ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይህ ነው።

አሁን ሠራተኛውን ጨምሩበት። አገዳ ቆራጭ ከማለዳ ጀምሮ በወንጂ ፀሐይ ጎንበስ ቀና ሲል ይውላል። ቢሮ የተቀመጠ ሰው አንድ ሊትር ሲጠጣ እሱ ብዙ ሊትር ይጠጣል። ስለዚህ ከአንድ ቧንቧ እየጠጡም ጸሐፊውና አገዳ ቆራጩ አንድ መጠን አልወሰዱም። ወተት የሚያገኝ ሰው ካልሲየሙ በተወሰነ ደረጃ ይከላከልለታል፤ በበቆሎ ቂጣና በሹሮ የሚያድረው ግን አጥንቱ ባዶ እጁን ነው የሚቀበለው። ዶክተሮች ይህን በስሌት ያስቀምጡታል። እኔ የምለው፣ ድህነት ሰውነት ውስጥ የሚገባበት በር አንዱ ይህ ነው። ደመወዙ የውሃ ጥሙን ይወስናል፤ ጥሙም የአጥንቱን ዕጣ።

ዐሥር ዓመት ምንም የለም። ዐሥራ አምስትም ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ ወገብ ይይዛል፤ ሰውየው ሥራው ነው ብሎ ይታሻል። ቀስ በቀስ የአከርካሪው ጅማት ወደ አጥንትነት ይለወጣል። አንገት መዞር ያቆማል። በመጨረሻም የወፈረው አጥንት ነርቩን ሲጫነው እግር ይከዳል። በኢትዮጵያ የነርቭ ሕክምና ፋና ወጊ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት ይህ በሽታ በስምጥ ሸለቆ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ አሳዩ። ከመረመሯቸውና እዚሁ ተወልደው ካደጉት ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው ተነክቷል፤ አጥንታቸው የተጎዳ ጎልማሶችም ወንጂ ሸዋ ላይ ተገኝተዋል። ልብ በሉ፤ ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በእነዚያ ዓመታት የየዕለቱ ኩንታል ተመዝግቧል።

ከሸለቆው እርሻዎች ከአንዱ ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ጎረቤት ነበሩኝ። ከኋላቸው ስጠራቸው አንገታቸውን አያዞሩም፤ መላ አካላቸው እንደ በር ይዞራል። መንገድ ሲሻገሩም እንደዚሁ፤ ባጃጅ የመጣ እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ ቆመው መዞር አለባቸው። «አባባ፣ ውሃው ነው ይላሉ ሐኪሞቹ» አልኳቸው አንድ ቀን። «ውሃውማ ደህና ውሃ ነበር» አሉኝ፤ «እኛ አገር እኮ ከከብት ጋር ነበር የምንጠጣው። እዚህ ስመጣ ከቧንቧ ጠጣሁ፣ ልጆቼም በተቅማጥ አልሞቱብኝም።» ይህን ሲሉ ለውሃው ሊያስተባብሉለት ፈልገው አይደለም። ልክ ናቸው። ያ ጉድጓድ ልጆቻቸውን አድኗል፤ እሳቸውን አድርቋል።

ፍሎራይዱን ከውሃ ማውጣት ይቻላል። ወንጂ ላይ አክቲቬትድ አሉሚና የሚባል ፍሎራይዱን የሚይዝ ነጭ እንክብል የተሞላ ማጣሪያ ተተክሎ ሠርቷል። ግን እንክብሉ ሲጠግብ በኮስቲክ ሶዳና በአሲድ መታጠብ፣ በየጊዜው መለወጥም አለበት። ይህ ሁሉ ከውጭ በምንዛሪ የሚገዛ ነው። ባለሙያም ይፈልጋል። የስኳር ፋብሪካ ላላት ወንጂ የሚቻል ነገር፣ ከአጥሩ ውጪ ላለች፣ ያንኑ ውሃ ለምትጠጣ የገበሬ መንደር ሕልም ነው።

ሌላው የሸንኮራ በሽታ በቦዩ መጣ። አገዳ ያለ መስኖ አይሆንም፤ መስኖ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ሣር የበቀለበት፣ ሙቅ ውሃ ነው። ቀንድ አውጣ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው። ቢልሃርዚያ ካለበት አካባቢ ሥራ ፍለጋ የመጣ ሰው ቦዩ አጠገብ ሲጸዳዳ ትሉ ቀንድ አውጣው ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ በቦዩ የሚዋኝ ልጅ በቆዳው በኩል ይቀበላል። ወንጂም መተሐራም ይህን አሳልፈዋል። ወባውም እንደዚያው ነው። በ1952 የተመረቀው የቆቃ ግድብ በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራ፣ 43 ሜጋ ዋት መብራት የሚሰጥ፣ ለአዋሽ መስኖም ውሃ የሚያጠራቅም የአገር ኩራት ነው፤ በሐይቁ ዳር የሚኖር ልጅ ራቅ ብሎ ከሚኖረው ይልቅ ወባ እንደሚይዘው ደግሞ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። መብራቱ አዲስ አበባ ይበራል፤ ትንኟ ቆቃ ትቀራለች።

ለቢልሃርዚያው መፍትሔ ያገኘው የእኛው ሰው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ያያል። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፍፈዋል። በእንዶድ ልብስ ስናጥብ የኖርን ሕዝብ ነን፤ ቀንድ አውጣውን ያየ ግን እሱ ነው። አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት ተሞከረ፤ በሕፃናቱ ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እዚያው ገበሬው አጥር ላይ የሚበቅል፣ ምንዛሪ የማይጠይቅ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ያናድደኛል። በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲፈቀድ በሀብታም አገር ቤተ ሙከራ፣ በሀብታም አገር ደንብ የመርዛማነት ምርመራ መደረግ አለበት ተባለ። የኢትዮጵያ ሙከራ አይበቃም። ምርመራው ውድ ነው፤ ሊከፍል የፈለገ ድርጅት ለማግኘት ዓመታት አለፉ። በፋብሪካ የሚሠራው የቀንድ አውጣ መርዝ ግን በውድ ዋጋ መሸጡን አላቋረጠም። አክሊሉና ባልደረባው ለገሠ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። በኋላም አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት እንደሚገድል አይቶ የዚህን አጠቃቀም ባለቤትነት በራሱ ስም አስመዘገበ። የድሃ አገር ሰው ያገኘው መድኃኒት ለድሃ አገር በሽታ ሲሆን ዕድሜውን ሙሉ ፈተና ተቀምጦ ይቀራል። ለሀብታም አገር ቧንቧ ሲሆን ባለቤት ያገኛል።

ወደ መተሐራ ልውረድ፤ አጭር ነው፣ ግን ሊዘለል አይገባም። ሸንኮራው የተተከለው የከረዩ አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሽ ላይ ነው። ጎኑ ደግሞ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተከለለ። ከታች፣ ተንዳሆ ላይ፣ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ጥጥ አፋሮቹን ከወንዙ ዳር አራቃቸው። አርብቶ አደር በክረምት ሰፊ አገር አለው፤ የሚኖረው ግን በበጋው ጥቂት ለምለም መሬት ነው። እሷን ከወሰድክበት ቀሪው ሰፊ መሬት ትርጉም የለውም። የ1965ቱ ድርቅ ሲመጣ ከብቱ የሚሸሽበት አጣ። በአገሪቱ የሒሳብ መዝገብ ላይ አዋሽ ሸለቆ በነዚያ ዓመታት ያደገ ነው፤ ጥጡ ተሽጧል፣ ስኳሩ ተቆጥሯል። የአፋሩ ከብትና ልጅ ድሮም መዝገቡ ላይ አልነበሩም፤ ስለዚህ ሲያልቁም አልቀነሱም።

በጥር 1967 ደርግ ፋብሪካዎቹን ወረሰ። ስኳር የኅብረት ሱቅ ሆነ፤ በቤተሰብ ብዛት በካርድ ይሰጣል። ሠራተኛው ባለቤት ተባለ። ከጉድጓዱ የሚወጣው ውሃ ግን ማን እንደሚያስተዳድረው አያውቅም። በዚያ ዘመን መምህራን ወንጂ ለፖለቲካ ትምህርት እንላክ ነበር፤ ስለ ካፒታሊስት ብዝበዛ ረጅም ንግግር ተደርጎ ሲያበቃ ያንኑ ውሃ በብርጭቆ ያድሉናል። የጠጣሁት ሳልሳቀቅ ነው፤ ጥርሴ አንዴ አልፎበታል።

ከ1995 ወዲህ የሆነውን ሳላነሳ ብቀር የሚያማርር አዛውንት እመስላለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ተጠራጥሬ ነበር። ዐሥረኛ ክፍል ጨርሳ አንድ ዓመት የሠለጠነች ልጅ፣ በቀበሌ ሁለት፣ ምን ታመጣለች? ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። ከነሱ አንዳንዶቹ ያስተማርኳቸው ነበሩ፤ ሲያገኙኝ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ጥልቀት ያስረዱኛል፤ የጎንደሮቹ ሳኒታሪያኖች ተመልሰው መጡ አልኩ። በ1992 በተደረገ ጥናት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 በተደረገው ጥናት ወደ 67 ወርዷል። አገሪቱ በዚህ መካከል አላደገችም አልልም፤ አድጋለች። ግን ገበሬ ቤት አጎበርና ክትባት ያደረሰው የፎቁ ብዛት አይደለም፤ በእግሯ የምትዞር ልጅ ናት። ገንዘብ የሚጠይቀው የቱ እንደሆነም ከዚያው ጥናት መገመት ይቻላል፤ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰው 58 በመቶ የነበረው 38 በመቶ ሆነ። ክትባት ልጁን ያተርፈዋል፤ የሚያሳድገው ምግብ ነው፤ ምግቡ ከቤቱ ገቢ ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ ዲዲቲና ብልሃት አይሠሩም።

አሮጌዎቹ የወንጂና የሸዋ ፋብሪካዎች ተዘግተው አዲሱ ዶዶታ በኩል ተተክሏል። የአገዳው እርሻም ሰፍቷል፤ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ለፋብሪካው ያመርታሉ። ፍሎራይዱን ለማጣራት በሸለቆው ገጠር ከተሞከሩት አንዱ የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት በዝግ ምድጃ ተቃጥሎ ይከሰላል፣ ይፈጫል፣ ውሃው በሱ ውስጥ ያልፋል፤ ፍሎራይዱን አጥንቱ ይይዘዋል፤ ድሮ በሰው አጥንት ላይ የሚያደርገውን በከብቱ ላይ ያደርጋል። ምንዛሪ አይጠይቅም። አንድ መንደር ለማስረዳት ማጣሪያውን ከሚያስተክለው ድርጅት ጋር አብሬ ሄጄ ነበር፤ ስለ ኬሚስትሪው የተዘጋጀሁትን ማንም አልጠየቀኝም። ሙስሊሙ ከብቱን ማን አረደው አለ። ክርስቲያኑ በጾም ይጠጣል ወይ አለ። ሁለቱንም ቄሱና ሼኹ መለሱላቸው፤ አጥንቱ ተቃጥሎ ከሰል ሆኗል ብለው ፈቀዱ።

ያልተመለሰው ጥያቄ የአንዲት እናት ነው። ከሰሉ ሲጠግብ አዲሱን ማን ይገዛል አሉ። ድርጅቱ ለመጀመሪያው ከፍሏል፤ ለሁለተኛው ከጄሪካን ላይ ሳንቲም ይሰብሰብ ተባለ። ሳንቲሙ ሲጨመር ግማሹ መንደር ወደ ድሮው ጉድጓድ ተመልሶ መቅዳት ጀመረ፤ ያኛው በነፃ ነው። የውሃ ኮሚቴው ከወረዳው ጋር፣ ወረዳው ከዞኑ ጋር ስለ ድጎማው አሁንም ይጻጻፋሉ።